በኤውሮታስ ዳር የተነጠፈ አልጋ

ሬሳው የተገኘው በኤውሮታስ ወንዝ ዳር፣ በሸምበቆ ንጣፍ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው። እጆቹ በግራና በቀኝ ተዘርግተዋል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ ካባው ግን ከላይ እስከ ታች በውኃ ርሶ ነበር። የሌሊቱ ውርጭ በካባው ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ሠርቷል።

ማንነቱን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ያየው ሰው አልነበረም። ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ ግማሹ የተንዠረገገ ሰው በእስፓርታ ፒታና መንደር አንድ ብቻ ነበር፤ ኤውዳሞስ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአርጎስ ሰዎች ጋር በተደረገ ውጊያ ጋሻውን ጥሎ በመመለሱ ከተማው «ተንቀጥቃጭ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ተንቀጥቃጭ ጺሙን በግማሽ ይላጫል፤ በካባው ላይ ባለ ቀለም እራፊ ይጥፋል፤ በዕድሜ ለሚያንሰው ጎረምሳ መንገድ ይለቃል። ማዕድ አብሮት የሚቆርስ ማኅበር፣ ልጁን የሚድርለት አባት አያገኝም። ከተማውን ጥሎ መሄድም አይፈቀድለትም። በዚያው በሚያውቁት ሰዎች መካከል እየተመላለሰ መኖር አለበት።

ቴሌኒቆስ የደረሰው ፀሐይ ከፓርኖን ተራራ ጫፍ ብቅ ስትል ነው። ዕድሜው ከስልሳ አልፎ ከዘመቻ ነፃ የሆነ፣ አጭርና ከሲታ ሰው ነው። ዓይኑ ሩቅ አያይም። ስለዚህ የሚመረምረውን ሁሉ አፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ይጠጋዋል። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ባጋጠመ ቁጥር ከተማዪቱን ከሚቆጣጠሩት አምስት ሹማምንት አንዱ እሱን ያስጠራል። የዛሬው ጠሪ ሲማኮስ ነበር።

«ብዙ አታድክመኝ» አለው ሲማኮስ ገና ሲያየው። «ገዳዩ ተይዟል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?»

«ልማዱ ነው። አንድ ሰው አይቶ ይመስክር ተብሏል፤ አይተህ መስክር።»

ከሲማኮስ ኋላ አንድ ሰው ከዛፍ ግንድ ጋር ታስሮ ቆሟል። ድሮማስ ይባላል። የኤውዳሞስን ቤተሰብ መሬት የሚያርስ ሄሎት ነው፤ አባቱም አያቱም የዚያው መሬት ባሮች ነበሩ። ለጣሪያ የሚሆን ሸምበቆ ሊያጭድ በማለዳ ወርዶ ሬሳውን ያገኘው፣ ሮጦም የተናገረው እሱ ነው። ማጭዱ እግሩ ሥር ወድቋል።

«ፀሐይ ታይጌቶስ ተራራ ላይ ስትጠልቅ እሱም ሚስቱም ሁለት ልጆቹም ይገደላሉ» አለ ሲማኮስ። «ሌላው ሄሎት አይቶ እንዲማር።»

«እስከዚያ ጊዜ አለኝ ማለት ነው።»

«ለምኑ?»

ቴሌኒቆስ ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ሟቹ አንገት አስጠጋ። ከጆሮው ሥር በአንድ ወገን አራት፣ በሌላው ወገን አንድ የጠቆረ የጣት ምልክት አለ። አፉን ከፈት አድርጎ አየ፤ የወንዝ አሸዋ ሞልቶታል። የሟቹን መዳፎች አንድ በአንድ ገልብጦ ተመለከተ፤ ጭረት የለባቸውም። ከዚያ ሬሳውን ትቶ የተኛበትን ሸምበቆ ማየት ጀመረ። ሲማኮስ እስኪሰለቸው ድረስ አየው።

«ምንድን ነው የምታሸተው?»

«ሰውየው ውኃ ውስጥ ታንቆ ነው የሞተው» አለ ቴሌኒቆስ። «ውኃ ውስጥ የሞተ ሰው ወጥቶ አልጋ አያነጥፍም።»

«ሄሎቱ ጎትቶ አውጥቶታል።»

«እሺ አወጣው። አልጋ ለምን አነጠፈለት?»

«እኔ በምን አውቄ። የሄሎት ነገር።»

ቴሌኒቆስ ከንጣፉ አንድ ሸምበቆ መዘዘና ጫፉን አሳየው። ጫፉ ተጠምዝዞ በእጅ የተሰበረ ነው፤ ክሩ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛ መዘዘ፣ ሦስተኛ መዘዘ፤ ሁሉም እንደዚያው። በሸምበቆው መካከል የኮሸሽላ አበባ ለስላሳ ጭገር ተበትኗል፤ በብርድ ወራት ሙቀት እንዲሰጥ ተብሎ የሚደባለቀው ዓይነት።

«ማጭድ የያዘ ሰው ሸምበቆ በእጁ ይሰብራል?»

ሲማኮስ ሸምበቆውን ተቀብሎ ጫፉን አየ። ሁለቱም በሰባት ዓመታቸው ከእናታቸው ቤት ተወስደው በልጆች መንጋ ውስጥ ያደጉ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ያለ ብረት፣ በባዶ እጅ፣ ከዚሁ ወንዝ ሸምበቆ እየሰበሩ አልጋቸውን ማንጠፍ ተምረዋል። ከእስፓርታ ወንዶች በቀር እንዲህ ያለ አልጋ የሚያነጥፍ የለም።

«ይህን ለማንም አትንገር» አለ ሲማኮስ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቴሌኒቆስ ወደ ታሰረው ሰው ሄደ።

«ድሮማስ፣ ምን አየህ?»

«ያየሁትን ተናግሬያለሁ ጌታዬ። ተኝተው አገኘኋቸው።»

«ከዚያ በፊትስ? ትናንት? ካቻምናስ? ጋሻቸውን ተሸክመህ አብረህ ዘምተህ አልነበር?»

ድሮማስ ሲማኮስን በጎሪጥ አየ። «ሄሎት ዓይን የለውም ጌታዬ። ጫንቃ ብቻ ነው ያለው።»

የሟቹ እናት አንቴያ ግቢዋ ውስጥ ቆማ ሠራተኞቿን ወይራ በማድጋ ስታስጠቀጥቅ አገኛት። ረጅም፣ ትከሻዋ ያልጎበጠ ሴት ናት። ሞቱን ሰምታለች። ፀጉሯን አልነጨችም፤ ቀሚሷንም አልቀየረችም።

«ስለ ልጅሽ ልጠይቅሽ መጥቼ ነበር» አላት።

«ፊንታስ ትግል ሜዳ ነው።»

«ስለ ታላቁ።»

«ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ፊንታስ ይባላል።»

ቴሌኒቆስ አልተከራከረም። በግቢው አጥር ጥግ፣ በውጭ በኩል፣ ኤውዳሞስ ያድርበት የነበረ ዳስ አለ። በአጥሩ ሥር ባለችው ቀዳዳ አጠገብ አንድ የሸክላ ሳህን ተቀምጧል። አጎንብሶ አነሣው። ንጹሕ ነው።

«ይሄስ?»

«ለውሻ ነው።»

«ውሻ ሳህኑን አጥቦ አያስቀምጥም፣ አንቴያ።»

ሴትዮዋ ለሠራተኞቹ ጀርባዋን ሰጠች። ድምፅዋ አልተለወጠም።

«በየቀኑ አመሻሹ ላይ አስቀምጣለሁ። አይቼው አላውቅም። ሁለት ዓመት ፊቱን አላየሁም። ትናንት በቀትር በቀዳዳው በኩል አናገረኝ። ‹እማዬ፣ ነገ ሹማምንቱ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ሰምተሽ ትፈርጃለሽ› አለኝ።»

«ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«አልመለስኩለትም።»

ሳህኑን ከእጁ ተቀብላ ወደ ቤት ገባች።

ፊንታስ ሃያ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው የሰፋ ጎረምሳ ነው። ቴሌኒቆስ ወደ ወንዙ ይዞት ወረደ። ሬሳው ተነሥቶ ስለነበር ቦታው ላይ የቀረው ሸምበቆ በጨርቅ ተሸፍኗል።

«ማኅበር ልትገባ ጠይቀህ ነበር ሲሉ ሰማሁ።»

«ጠይቄ ነበር ጋሼ። ከአምስት ቀን በፊት።»

«እና?»

«አንድ ሰው ቂጣውን ጨፈለቀብኝ።» ማኅበርተኞቹ አዲስ ሰው ለመቀበል የገብስ ቂጣ ቁራጭ በገንቦ ውስጥ ይጥላሉ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ቁራጩን ጨፍልቆ ከጣለው ጠያቂው ይመለሳል። ማን እንደጨፈለቀው አይጠየቅም። ማኅበር የሌለው ሰው ደግሞ በእስፓርታ ዜጋ አይባልም።

«በወንድምህ ምክንያት?»

«በሌላ በምን ይሆናል? ሄጄ ‹ምን አለ ብትሞት› አልኩት። እንዲያ ነው ያልኩት ጋሼ፤ ሌላ ሰው ሳይነግርዎ እኔው ልንገርዎ። እሱ ግን አልተቆጣም። ‹አንተን አይደለም የጨፈለቁት፤ ቆይ አስተካክለዋለሁ› አለኝ።»

«ትናንት ከቀትር ወዲህ የት ነበርክ?»

«አሚክላይ መንደር፤ ለበዓሉ ልምምድ። ልጆቹም ጎረምሶቹም ሁላችንም እዚያው አድረን ነው ዛሬ ጠዋት የተመለስነው።»

ቴሌኒቆስ ወገቡን ይዞ አቃሰተ። «በል እስቲ ጀርባዬን ላሳርፍ፤ አልጋ አንጥፍልኝ።»

ፊንታስ ግራ ቢገባውም እምቢ አላለም። ሸምበቆውን እያጠማዘዘ ሰበረና ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ በቁመት ደረደረው። ሽማግሌው ተጠግቶ አየ፤ እንደተባለውም ጋደም አለ።

«ሁሉም መንጋ እንዲህ ነው የሚያነጥፈው?»

«እያንዳንዱ እንደ አለቃው ነው። የኛ አለቃ በቁመት ብቻ ነበር የሚወድደው። ሌላ ዓይነት ስናነጥፍ ይገርፈን ነበር።»

ቴሌኒቆስ ተነሣና በጨርቅ የተሸፈነውን ንጣፍ ገለጠው። ሦስት እፍኝ ሸምበቆ በቁመት፣ አንድ እፍኝ በአግድም፣ ደግሞ ሦስት በቁመት፣ አንድ በአግድም፤ እንደ ሰሌን ተሰባጥሯል።

«ይሄን የሚያነጥፍ ታውቃለህ?»

«እኔ አላውቅም። ግን ኤውዳሞስ ልጅ ሆኜ…» ጎረምሳው አቋረጠ። «እሱ እንዲህ ያነጥፍልኝ ነበር።»

ቀትር ላይ ቴሌኒቆስ የልጆቹን ጎጆዎች ዞረ። በመንደሩ አምስት መንጋ አለ። በአራቱ ጎጆዎች ያየው እንደ ፊንታስ በቁመት ብቻ የተነጠፈ ወይም ዝም ብሎ የተከመረ ሸምበቆ ነበር። አምስተኛው ጎጆ ውስጥ ገብቶ አጎነበሰ፤ ሳይቀናም ቆየ። አንድ ጭንቅላቱ የተላጨ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ይሄ አልጋ ያንተ ነው?»

«ነው።»

«አግድሙ ለምንድን ነው?»

«እንዳይንሸራተት።»

«ማን አስተማረህ?»

«ስቴኒዳስ።»

«ከሌላ መንጋ ያነሰ ይቆረቁራል ወይስ የበለጠ?»

«እንተኛለን እንጂ አንጠይቅም።»

ሽማግሌው ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

ስቴኒዳስ ሜዳው ላይ ልጆች ሲያታግል አገኘው። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለ መልከ መልካም ሰው ነው። ካቻምና በጥዱ ጉብታ ላይ በአንድ መንጋ ያደጉ ሠላሳ የዕድሜ እኩዮች ከአርጎስ ሰዎች ጋር ሲፋለሙ ሃያ ስምንቱ በቆሙበት ወድቀዋል፤ የተመለሱት ሁለት ናቸው። አንዱ ጭኑ ከፊት በጦር የተቀደደው ስቴኒዳስ ነው፤ ከተማው በክብር ተቀብሎ ልጆች እንዲያሳድግ ሾመው። ሌላው ጭረት እንኳ ሳይነካው ያለ ጋሻ የመጣው ኤውዳሞስ ነበር።

«አዝኛለሁ አባት» አለ ስቴኒዳስ። «ምንም ቢሆን የመንጋ ጓደኛዬ ነበር። አምስት ዓመት ጎን ለጎን ተኝተናል።»

«ትናንት ከልጆቹ ጋር አሚክላይ አልሄድክም አሉ።»

«ብርድ ሲሆን እግሬ እንቢ ይለኛል። ጎጆ ውስጥ ተኝቼ ዋልኩ።»

«እስቲ ቁስሉን አሳየኝ።»

ስቴኒዳስ ካባውን ገለጥ አደረገ። ጠባሳው ከጉልበት በላይ ተነሥቶ እስከ ዳሌ ይደርሳል። ቴሌኒቆስ ተንበርክኮ አፍንጫውን አስጠጋ።

«አጥንት ደርሷል።»

«ደርሷል።»

«ከጉብታው እስከ ጦር ሰፈሩ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። እንዴት ወረድክ?»

«በጦሬ ተደግፌ።» መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ብዙ ጊዜ የተባለ መልስ ነው።

«ብርቱ ነህ። በል እጅህን ስጠኝ፤ ጉልበቴ ከመሬት አልነሣ አለኝ።»

ስቴኒዳስ እጁን ዘረጋለት። ቴሌኒቆስ መዳፉን አጥብቆ ይዞ ተነሣ፤ ከተነሣም በኋላ ጥቂት አልለቀቀውም። ከዚያ አመስግኖ ሄደ።

ወደ ወንዙ ሲመለስ ድሮማስ ጠባቂዎቹ በፈቀዱለት ጥቂት ውኃ ከንፈሩን አርሶ ቆሟል። ቴሌኒቆስ ጠባቂዎቹን ራቅ እንዲሉ አዘዘና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ጉብታው ላይ የሆነውን እኔ ልንገርህ» አለ። «ስሳሳት ዝም በል፤ ልክ ስሆንም ዝም በል። ኤውዳሞስ አልሸሸም። የቆሰለ ሰው ተሸክሞ ነው የወረደው። ጋሻውን የጣለው ለዚያ ነው።»

ድሮማስ አልተነቃነቀም። ዓይኑ ግን ሞላ።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን ጌታዬ? አንድ ሄሎት ተነሥቶ ‹የከተማው ጀግና በሰው ትከሻ ተጭኖ ነው የወረደው› ቢል ማታውን አያድርም። ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ከልክለውኝ ነበር። ‹እሱ ሲድን ይናገራል፤ ቃል ገብቶልኛል› ነበር የሚሉኝ። ወር ጠበቁ፣ ዓመት ጠበቁ። ትናንት ጠዋት መጥተው ‹ነገ ሹማምንቱ ፊት አብረኸኝ ትቆማለህ› አሉኝ። ‹ይገድሉኛል› አልኳቸው። ‹መጀመሪያ እሱን ላነጋግረውና ራሱ ይናገር፤ አንተን አላስነካም› ብለው ሄዱ።»

«ዛሬ ይህን በሰው ፊት ትደግመዋለህ?»

«ብናገርም እሞታለሁ፣ ባልናገርም እሞታለሁ» አለ ድሮማስ። «ልጆቼስ?»

«ለነሱ ስትል ነው የምትናገረው።»

ቴሌኒቆስ የደረሰበትን እንዲናገር ሲማኮስ ሰዎቹ በማኅበሩ የማዕድ ቤት እንዲሰበሰቡ አዝዞ ነበር። ቴሌኒቆስ ምክንያቱን ያውቀዋል። በማዕድ ቤቱ በር ላይ በዕድሜ ትልቁ ማኅበርተኛ ለሚገባው ሁሉ ጣቱን ወደ በሩ እየቀሰረ፣ የተነገረ ቃል በዚህ አይወጣም ይላል። ሴት አትገባም። ሄሎት ከገባ ለማስተናገድ ነው።

«ወንዙ ዳር ይሁን» አለ ቴሌኒቆስ። «የማሳየው ነገር ያለው እዚያ ነው።»

ፀሐይ ወደ ታይጌቶስ ስታዘነብል ሁሉም በሸምበቆው አጠገብ ቆመዋል። ሲማኮስ፣ ፊንታስ፣ ስቴኒዳስ፣ ከግንዱ ጋር የታሰረው ድሮማስ፣ ጥቂት ማኅበርተኞች። አንቴያ ሳትጠራ የመጣች ትመስል ነበር፤ የጠራት ግን ቴሌኒቆስ ነው።

«ባጭሩ» አለ ሲማኮስ።

«ባጭሩ። ኤውዳሞስ አንገቱን ተይዞ ውኃ ውስጥ ተደፍቆ ሞተ። የደፈቀው ሰው ጥሎት አልሄደም። አወጣው፣ ዓይኑን ከደነው፣ አልጋ አንጥፎ አስተኛው። ጠላት እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ከመጀመሪያው የፈለግሁት የሚወደውን ሰው ነው።»

አንቴያ አንገቷን ቀና አደረገች።

«አልጋውን ሟቹ ራሱ አላነጠፈውም፤ ሸምበቆ የሰበረ መዳፍ ይቀደዳል፤ የሱ መዳፍ ደህና ነው። ሄሎቱም አላነጠፈውም፤ አንዱም ሸምበቆ ማጭድ አልነካውም። ሴትም አላነጠፈችውም፤ ሴቶቻችን ይህን አልተማሩም። በመንጋ ያደገ ወንድ ነው ያነጠፈው። ፊንታስ በመንጋ አድጓል፣ በወንድሙም ተቆጥቶ ነበር። ነገር ግን ትናንት አሚክላይ ነበር፤ የሚያነጥፈውም በቁመት ብቻ ነው። ይሄኛው ሦስት በቁመት፣ አንድ በአግድም ነው። በመንደሩ አምስት ጎጆ ዞሬ ይህን ያገኘሁት በአንዱ ብቻ ነው።»

«የኔ ልጆች ናቸው» አለ ስቴኒዳስ በረጋ ድምፅ። «ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል።»

«ልጆችህ ትናንት አሚክላይ ነበሩ። አንተ ግን ቀርተህ ነበር። ልጆቹ አነጣጠፉን የተማሩት ካንተ ነው፤ አንተ ደግሞ ከመንጋህ አለቃ። ከዚያ መንጋ ሃያ ስምንቱ ጥዱ ጉብታ ላይ ቀርተዋል። እስከ ትናንት እንዲህ የሚያነጥፍ ሁለት ትልቅ ሰው ብቻ ነበር። አንደኛው ሞቷል።»

ስቴኒዳስ እጁን ካባው ውስጥ ከተተ።

«መዳፍህን አሳያቸው» አለው ቴሌኒቆስ። «ቀትር ላይ ስይዘው በትኩስ ቁስል ተሸንትሮ ነበር። ሰው ሠላሳ ዓመት አልፎት ሸምበቆ አይሰብርም፤ ቆዳው ለስልሷል።»

«ለምን ይገድለዋል?» አለ ሲማኮስ። ጥያቄው ለመጠየቅ ሳይሆን ለማስቆም ነበር።

«ድሮማስ ይንገርህ።»

ድሮማስ ተናገረ። ስቴኒዳስ ወድቆ ‹አትተወኝ› ሲል መስማቱን፣ ኤውዳሞስ ጋሻውን መሬት ላይ አኑሮ በትከሻው እንዳነሣው፣ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ድረስ እንደተሸከመው፣ ሰፈሩ ሲታይም ስቴኒዳስ ‹አውርደኝና ልራመድ› እንዳለው ተናገረ።

«የሄሎት ቃል» አለ ሲማኮስ። «ይበቃል። የሰማነው እዚሁ ይቀራል። ይህች ከተማ የጥዱን ጉብታ በየበዓሉ ታወሳለች፤ ልጆች በዚያ ታሪክ ነው የሚያድጉት። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሄሎቱን ውሰዱ።»

«እኔ ማኅበርተኛ አይደለሁም» አለች አንቴያ።

ሲማኮስ ዞረ።

«ማንም ጣቱን ወደ በር ቀስሮልኝ አያውቅም። ይሄን ሰው ብትገድለው ነገ በየምንጩ፣ በየጭፈራው ሜዳ፣ ለያንዳንዷ ወንድ ለወለደች ሴት እናገራለሁ። ልታስቆመኝ ከፈለግህ እኔንም ከሱ ጋር እሰረኝ።»

ስቴኒዳስ እጆቹን ከካባው አወጣ። መዳፎቹ በቀጫጭን ቁስሎች ተሸንትረዋል።

«ፍቱት» አለ። «የተናገረው እውነት ነው።»

«ስቴኒዳስ፣ ዝም በል» አለው ሲማኮስ።

«ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ።» ፊቱን ወደ አንቴያ መለሰ፤ ግን ዓይኗን ማየት አልቻለም። «ስድን እናገራለሁ ብዬ ማልኩለት። ከሰፈር ስንገባ ሰው ሁሉ ቁስሌን እያየ ስሜን ጠራ። እሱን ጋሻህ የት አለ አሉት። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ሁለታችንም ተንቀጥቃጭ ነን፤ እሱም ይህን አውቆ ነው ዝም ያለው። ነገ ነገ እያልኩ ከረምኩ። ልጆች ሰጡኝ፤ ሞትን እንዳይፈሩ አስተምር አሉኝ። በየቀኑ መንገድ ሲለቅልኝ አየዋለሁ።»

«የፊንታስ ቂጣስ?» አለ ቴሌኒቆስ።

«እኔ ነኝ የጨፈለቅሁት። በየማዕዱ ፊት ለፊቴ የወንድሙን ፊት ይዞ ሊቀመጥ ነበር። አልቻልኩም። ትናንት ይሄን ራሴ ነገርኩት፤ ይቅር ይለኛል ብዬ። ‹በኔ ይበቃል፤ ነገ ጠዋት ትናገራለህ ወይ እኔ እናገራለሁ› አለ። ወደ ወንዙ አጎንብሶ ፊቱን ይታጠብ ነበር። መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። ሲረጋ ነው ያወቅሁት። ብርድ ነበር። ኮሸሽላ ለቅሜ ጨመርኩለት።»

ፊንታስ ወደ ፊት ተራመደ፤ ቴሌኒቆስ ክንዱን ያዘው። ጎረምሳው ሽማግሌውን በአንድ እጁ ሊያሽቀነጥረው ይችል ነበር፤ ግን እዚያው ቆመ።

ሲማኮስ ለጠባቂዎቹ ምልክት ሰጠ፤ የድሮማስ ገመድ ተፈታ፣ በዚያው ገመድ ስቴኒዳስ ታሰረ። ስቴኒዳስ እጁን ራሱ አቀረበላቸው። ሞት የተፈረደባቸው ወደሚጣሉበት የካያዳስ ገደል በሚወስደው መንገድ ሲሄዱ ከሜዳው የሚመለሱ ልጆች ተሰልፈው እንደ ልማዳቸው መንገድ ለቀቁለት። ምን እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም።

«የሟቹ ስም ይታደሳል» አለ ሲማኮስ ለአንቴያ። «መቃብሩ ላይ ግን አይጻፍም። የሚጻፈው በጦርነት ለሞተ ብቻ ነው። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ፊንታስ ነገ ማኅበር ይገባል። አንድ ቦታ ክፍት ነው።»

ፊንታስ የማን ቦታ እንደሆነ ገባው። ‹አልፈልግም› ማለት ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ሌላ መግቢያ እንደሌለው አስታወሰና መልሶ ዘጋው።

ሰዉ ተበተነ። ድሮማስ የታሰረበትን የእጁን አንጓ እያሻሸ ማጭዱን አንሥቶ ሊሄድ ሲል አንቴያ ጠራችው።

«ድሮማስ።»

«አቤት እመቤቴ።»

በእስፓርታ እመቤት በሄሎት ፊት መሬት ላይ አትቀመጥም። አንቴያ ግን ሸምበቆው አጠገብ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«ሲሸከመው በየትኛው ትከሻው ነበር?»

«መጀመሪያ በቀኙ እመቤቴ። ሲደክማቸው በግራቸው አደረጉት።»

«መንገድ ላይ አርፎ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ። አንዴ ምንጭ ዳር፤ ውኃውን መጀመሪያ የቆሰለውን ነው ያጠጡት።»

«ምን ይል ነበር?»

«ብዙም አይናገሩም ነበር። አንዴ ብቻ፣ ሰፈሩ ሲታየን፣ ‹እናቴ ጋሻው የት ነው ስትለኝ ምን እላታለሁ?› አሉ። ከዚያ ሳቁና ‹እነግራታለኋ› አሉ።»

ፀሐይዋ ከታይጌቶስ ጀርባ ገብታ ወንዙ ጠቁሯል። ከሸለቆው ብርድ መውረድ ጀምሯል። ቴሌኒቆስ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው እሱን እንደማይመለከት አውቆ ወደ መንደሩ መንገድ ጀመረ።

«ከጉብታው ጀምረህ ንገረኝ» አለች አንቴያ ከኋላው። «አንድም ሳታስቀር።»

ድሮማስ ማጭዱን አስቀመጠና ጀመረ።